ርግቤን እንዳይመልስልኝ

ኡስታዝ ሹክሪ ሲጽፍ ያላየ ሰው ፍጥነት ምን እንደሆነ አያውቅም። እኛ ካይሮዎች ጠበቃንም ኡስታዝ ነው የምንለው። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ የጥርስ ሐኪሙ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ሊጠይቅ በራችንን አንኳኳ። ገና አፉን ሲከፍት ኡስታዝ ፊቱን አየና፣ «ገባኝ፣ ገባኝ፣ አይድከሙ» ብሎ በአከራዩ ላይ የሦስት ገጽ ክስ ጻፈለት። ሰውዬው በአንድ እጁ ጉንጩን ይዞ በሌላው ፈረመ። ክሱን አሸነፈ። ጥርሱ ግን ስንት ጊዜ ሲያመው ኖረ። የማያምነኝ ካለ ሰውዬውን ላሳየው እችላለሁ፤ ሲያየኝ አሁንም ጉንጩን ይይዛል።

እኔ በንዱቅ እባላለሁ። በቢሮው ውስጥ መዝገብ ተሸካሚም፣ ሻይ አፍይም፣ ደንበኛ ተቀባይም ነኝ። አምስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር በስምምነት ተለያይተናል፤ የዚያን ቀን ዳይሬክተሩ በደስታ አልቅሷል። ቢሮአችን ሰይዳ ዘይነብ ሰፈር፣ ኮሸሪ የሚባለውን የሩዝና የምስር ምግብ ከሚሸጥ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስለሚጠበስ መዝገቦቻችን ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ። ዳኞቹ የኛን መዝገብ ሲገልጡ ሆዳቸው ይጮኻል፤ ለዚህ ይመስለኛል ሁልጊዜ ከምሳ በፊት የሚያሰናብቱን።

ኡስታዝ ክፉ ሰው አይደለም። ሕጉን ከነአንቀጹ በቃሉ ይወጣዋል። ችግሩ፣ ብዕር ሲይዝ ጆሮው ይዘጋል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ደንበኛ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሶለት አያውቅም።

«በንዱቅ፣» ይለኛል፣ «ሰው ብዙ የሚያወራው ጉዳዩን ስለማያውቀው ነው። እኔ አውቀዋለሁ። ታዲያ ምን ልሁን ብዬ ልስማ?»

አንድ እሁድ ጠዋት፣ የሳምንቱ ሥራችን ሲጀመር፣ ሐጃ ኢንሽራሕ መጡ። ስድሳ ዓመት አካባቢ የሆናቸው፣ ደልደል ያሉ፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ሴት ናቸው። ሦስቱን ፎቅ ወጥተው ትንሽ እንኳ አላለከለኩም። ሻርፓቸው ላይ ነጭ ላባ ተሰክቷል።

«ሐጃ፣ ላባ አለብዎት» አልኳቸው።

«ተወው፣ ቤተኛ ነው» አሉኝ።

ኡስታዝ ስልክ ላይ ስለነበር ሻይ አቀረብኩላቸውና ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ይሄ ከሥራዬ ውስጥ አይደለም፤ ግን ወሬ ሲመጣ ቆሞ መቀበል ነውር ነው።

«ሙዓሊም ዘይንሁምን ልከስ ነው የመጣሁት» አሉ። እኛ ጋ ባለሙያና ነጋዴ ሁሉ ሙዓሊም ይባላል።

«ልብስ ተኳሹን? ባለ ትልቁን ሪዝ?»

«እሱን። ርግቤን ያዘብኝ።»

«ሌባ!»

«አፍህን ያዝ! ዘይንሁም ሌብነት የሚባል አያውቅም። ያዛት አልኩህ እንጂ ሰረቃት አላልኩህም። መንጋውን ከመንጋዬ አደባልቆ፣ በፉጨት አታልሎ፣ በመረብ እንደ ጀግና ነው የያዛት።»

«ታዲያ ምን አጠፋ?»

ሐጃ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«መለሰልኝ» አሉ።

ርግብ አርብቶ ለማያውቅ ሰው ይሄ ሊከብደው ይችላል። በኛ ጣሪያዎች ላይ ጎረቤት ሁለት ዓይነት ነው፤ በሰላም አብረኸው የምትኖረውና ጦርነት የገጠምከው። ሰላም ካላችሁ የጠፋች ርግብ ትመለሳለች። ጦርነት ካላችሁ ግን የያዘ ያዘ፤ የተያዘበትም «ርግቤን» ብሎ አይጠይቅም፣ የያዘውም አይመልስም። ጦርነት ላይ ሆነህ ብትመልስ ባላጋራህን «አንተ ለኔ ሕፃን ነህ፣ እንካ ተጫወት» እንዳልከው ነው የሚቆጠረው። በገበያ መሃል በጥፊ ብትመታው ይሻለዋል።

የሐጃ ባል ሐጅ ደሱቂና ሙዓሊም ዘይንሁም ሠላሳ አንድ ዓመት ተዋግተዋል። በየጠዋቱ ከጣሪያ ጣሪያ ሲሰዳደቡ ሰፈሩ ሰዓት መግዛት ትቶ ነበር፤ ሰው ወደ ሥራው የሚወጣው በስድባቸው ነው። አንዴ ዘይንሁም ጉሮሮው ተዘግቶ ዝም ያለ ቀን ሰባት መቶ ሰው ከሥራ አርፍዷል። ባለፈው ክረምት ሐጅ ደሱቂ ታመሙና ሊሞቱ ሲሉ ወንድማቸውን ፈርጋኒን ጠሩት። ጣሪያው የሁለቱ የጋራ ነው፤ ፈርጋኒ ደግሞ የርግቡን ማማ አፍርሶ የስልክ አንቴና ሊያቆምበት ካሰበ ቆይቷል። ሐጁ በምስክር ፊት እንዲህ አሉት፦ «ማማዬ ጦርነት ላይ እስካለ ድረስ እንዳትነካው። ጦርነቱ ያበቃ ቀን እንደፈለግህ አድርገው።» ፈርጋኒም እሺ ብሎ እጃቸውን ጨብጦ ቃል ገባ።

«ሐጁ ከሞተ ወዲህ መንጋውን የማበርረው እኔ ነኝ» አሉ ሐጃ። «ድሮም ቢሆን እህል የምሰጠው፣ የታመመውን የማክመው፣ ማን ከማን እንደሚጋባ የምወስነው እኔ ነበርኩ። ሐጁ ያፏጫል፤ አላህ ይማረው፣ ፉጨቱ ጥሩ ነበር። አሁን ያ ዘይንሁም ስኳር የምትባለውን ርግቤን ሰባት ጊዜ ያዛት። ሰባቱንም ጊዜ በቅርጫት አድርጎ፣ 'ለሐጃ ትድረስልኝ፣ አላህ ያጽናዎት' እያለ መለሰልኝ። ሰባት ጊዜ፣ በንዱቅ! ጣሪያው ሁሉ እያየ!»

«ፈርጋኒስ?»

«እሱማ በደብተር ይመዘግባል። 'ጦርነት የለም፤ ከዒድ በኋላ ማማው ይፈርሳል' ብሎኛል። ዒድ ደግሞ ወር አልቀረውም።»

«ርግበኞቹ የሚሰበሰቡበት ካፌ ሄደው ጦርነት አያውጁም?»

«ሄጃለሁ እንጂ! ሐሙስ ዕለት መሃላቸው ቆሜ ልናገር ስል ወንበር አመጡልኝ፣ የካርካዴ ሻይ አዘዙልኝ፣ ለሐጁ ዱዓ አደረጉለት። በንዴት አለቀስኩ። እነሱ ሐዘን መሰላቸው፤ ሌላ ካርካዴ አመጡ።» እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ስለዚህ የምፈልገው ምን መሰለህ? ዘይንሁም የያዘብኝን ርግብ እንዳይመልስልኝ ዳኛ እንዲያዝልኝ ነው።»

ፍየሉን የሚከስ ሰው አጋጥሞኛል። የገዛ ጥላውን የሚከስ ሰውም ደረጃው ላይ አግኝቼ አባርሬአለሁ። እንዲህ ያለ ክስ ግን ሰምቼ አላውቅም። ልቤ በደስታ ዘለለች።

ኡስታዝ ጠራቸው። እኔም ትሪ የማነሳ መስዬ አብሬ ገባሁ።

«ልጄ፣» አሉ ሐጃ፣ «ዘይንሁም የሚባል ሰው ርግቤን ይዞ...»

«ገባኝ!» ብዕሩ ወጣ።

«አልገባህም፣ ልጄ። ይዞ፣ ከዚያ...»

«ከዚያ የሚሆነውን ሕጉ ያውቀዋል። ቀለሟ?»

«ነጭ፣ ጅራቷ ጥቁር። ግን እኮ...»

«ምስክር አለ?»

«ሰፈሩ በሙሉ! ግን ልጄ...»

«ሐጃ፣ 'ግን' የሚለውን ለኔ ይተዉልኝ። ሰውዬው ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ስለ ርግቢቱ የሚገባውን ትእዛዝ ይቀበላል። ይሄ አይደል የሚፈልጉት?»

ሐጃ አሰቡበት። «ይሄስ ነው» አሉ።

መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነበር። ፈረሙ።

እሳቸው ሲወጡ ልነግረው ሞክሬአለሁ፤ ምስክሬ አላህ ነው። «ኡስታዝ፣ ሴትዮዋ እኮ የፈለጉት...» ስለው «በንዱቅ፣ ሻይ» አለኝ። ሻይ አመጣሁ። «ኡስታዝ፣ ሴትዮዋ...» «በንዱቅ፣ ስኳር።» ስኳር አመጣሁ። «ኡስታዝ...» «በንዱቅ፣ በሩን ከኋላህ።» ከውጭ ቆሜ ሁሉንም ለበሩ ነገርኩት። በሩ በትዕግሥት ሰማኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በላይ አልለፋሁም፤ የሚመጣውን ለማየት ጓጉቼ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ችሎት ቀረብን። ሙዓሊም ዘይንሁም ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ፤ የሱሪው መስመር ሐብሐብ ይቆርጣል። በእጁ ቅርጫት ይዟል። በቅርጫቱ ውስጥ ስኳር ተቀምጣ ችሎቱን ትመለከታለች፤ በዚያው ሳምንት ለስምንተኛ ጊዜ ተይዛ ነበር። ፈርጋኒ ከፊት ወንበር ላይ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቷል።

ዳኛው ክሱን አነበበ። «ከሳሽ፣ ርግባቸው እንድትመለስላቸው ጠይቀዋል።»

«ምን?» አሉ ሐጃ።

«ጌታዬ፣ ምን ችግር አለ!» ዘይንሁም ቅርጫቱን ከፍ አደረገው። «ለሐጃ ያልመለስኩ ለማን እመልሳለሁ? ይኸው አምጥቻታለሁ። ይውሰዱ፣ አላህ ያጽናዎት።»

«ባረከላህ!» አለ ዳኛው፤ ሽንኩርቱ ሸትቶት ሳይሆን አይቀርም፣ ሰዓቱን አየ። «ሰው ሁሉ እንዳንተ ቢሆን እኔ ቤቴ ነበርኩ። ጉዳዩ አልቋል።»

«ስምንት» አለ ፈርጋኒ እየጻፈ። «ይሄኛው ደግሞ በመንግሥት ፊት።»

«አልቀበልም!» ሐጃ ተነሡ። «ጌታዬ፣ ይቺን ርግብ ከተቀበልኩ ማማዬ ይፈርሳል! አንተ ዘይንሁም፣ ሰው ከሆንክ ወስደህ ክንፏን እሰር!»

«እመቤቴ፣ ያመለከቱትን እኮ ነው የሰጠዎት!» አለ ዳኛው።

«እኔ እንዲህ ብዬ አላመለከትኩም!»

«ታዲያ ምን ብለው ነው ያመለከቱት?»

ሐጃ ወደ ኡስታዝ ዞሩ። ዳኛውም ዞረ። ዘይንሁምም፣ ፈርጋኒም ዞሩ። ስኳር ሳትቀር አንገቷን አዙራ በአንድ ዓይኗ አየችው።

«ኡስታዝ ሹክሪ፣» አለ ዳኛው፣ «ደንበኛዎ የሚፈልጉትን ያውቃሉ?»

«ጌታዬ፣ ክሱ በሕጉ መሠረት...»

«ስለ ሕጉ አልጠየቅኩዎትም።»

ዳኛው አንድ ሳምንት ሰጠንና «ጠበቃው ደንበኛቸውን ጠይቀው ይምጡ» ብሎ አጻፈ። ርግቢቱን ሐጃ አልነካም አሉ። ዘይንሁምም «ሰው ፊት ከባልቴት እጅ ርግብ መልሼ አልወስድም» አለ። ስለዚህ ዳኛው እስከ ቀጠሮው ድረስ በጠበቃው እጅ እንድትቆይ አዘዘ። እኛም ሐጃን፣ ርግቢቱንና ኀፍረታችንን ይዘን ሦስቱን ፎቅ ወጣን።

ኡስታዝ ተናዶ ነበር። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና፣ «ሐጃ፣ ካሁን በኋላ የእርስዎን ጉዳይ አልይዝም። አሁኑኑ እጽፋለሁ» አለ። እጁን ወደ ብዕሩ ሰደደ። ብዕሩ የለም። መሳቢያውን ሳበ። የለም። ኮቱን ፈተሸ። የለም።

«በንዱቅ! ብዕሬስ?»

«የትኛው፣ ኡስታዝ?»

«ማንኛውም!»

በቢሮው ውስጥ አሥራ አንድ ብዕር ነበር። ከፍርድ ቤት ተመልሰን እሱ ፊቱን ሲታጠብ አሥራ አንዱንም ሰብስቤ በስኳር ቅርጫት ውስጥ ከገለባው ሥር ቀብሬአቸዋለሁ። እሷም እንቁላል መስለዋት መሰለኝ፣ በክብር ተቀምጣባቸዋለች።

«ልግዛ እንዴ?» አልኩ። «ግን ሱቁ ሩቅ ነው።»

ሱቁ ከኮሸሪ ቤቱ ጎን ነው። ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያ በር ድምፅ ሁሉ ያሳልፋል፤ ውለታዬን አልረሳም።

በመጀመሪያ የኡስታዝ ጣቶች ጠረጴዛውን ሲደበድቡ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሐጃ ጀመሩ። «ዘይንሁም ርግቤን ይዞ...»

«ገባኝ» አለ ኡስታዝ፤ አፉ ለምዶበት ነው።

«ምን ገባህ?»

ከታች ሁለት ሰው ኮሸሪ አዝዞ በልቶ ወጣ።

«ምንም አልገባኝም» አለ በመጨረሻ። «እሺ፣ ያዛት። ከዚያስ?»

ከዚያስ! ይህ ቃል ከኡስታዝ አፍ ሲወጣ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ከደረጃው ልወድቅ ነበር።

ሐጃ አወሩ። ስለ ሐጁ፣ ስለ ማማው፣ ስለ ሰባቱ ቅርጫት፣ ስለ ሁለቱ ካርካዴ ነገሩት። እሱም አንድ ሰዓት ሙሉ «ከዚያስ?» እና «እሱ ያኔ ምን አለ?» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረም። እጁ ሥራ ሲያጣ ስኳርን ያባብል ጀመር፤ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር። በስተመጨረሻ እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦

«ሐጃ፣ ሕጉንም ዳኛውንም እንተወው። ይሄ ሁሉ አልቆ፣ ጠዋት ሲነሱ ምን ቢሆንልዎት ነው ደስ የሚልዎት?»

ሐጃ ወዲያው መለሱ። «ዘይንሁም ከጣሪያው ላይ ቢሰድበኝ።»

አንድ ነገር የተሰበረ መሰለኝ። የኡስታዝ ሳቅ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሰምቼው ስለማላውቅ ነው።

«ሐጁን 'አንተ ሽማግሌ' ይለው ነበር» አሉ ሐጃ። «እኔን 'እርስዎ' ይለኛል። 'እርስዎ' ሲለኝ ከሐጁ ጎን የተቀበርኩ ይመስለኛል።»

«ለምን ይመስልዎታል የሚመልሰው?»

«ንቆኝ ነው እንጂ!»

«ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«ባላጋራ ይጠየቃል እንዴ?»

«እንግዲያው እኔ ልጠይቀው።» ይህን ሲል በሩን ከፈተው። እኔ ጆሮዬን እንደለጠፍኩ ቢሮው ውስጥ ወደቅሁ።

«ሱቁ ቅርብ ነበር?» አለኝ ኡስታዝ።

ሐጃ ወደ ቤታቸው፣ እኔና ኡስታዝ ወደ ዘይንሁም ሱቅ ሄድን። ኡስታዝ እጁ ባዶ ሲሆን አካሄዱ ስለጠፋበት የስኳርን ቅርጫት ያዘ። ዘይንሁም በአፉ ውኃ ሞልቶ ሸሚዝ ላይ እንደ ጉም እየረጨ በትልቁ የብረት ካውያ ይተኩሳል። ሲያየን ውኃውን ዋጠው።

«ምነው ኡስታዝ፣ ልታስፈርመኝ ነው?»

«ብዕር እንኳ የለኝም። ልጠይቅህ ነው። ርግቧን ለምንድን ነው የምትመልስላቸው?»

«እንዴ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው! የባልቴት ርግብ ቀማ ከተባልኩ በዚህ ሰፈር ሸሚዝ የሚሰጠኝ ይኖራል?»

«ከዚያስ?» አለ ኡስታዝ። ቃሉ ጣፍጦታል።

«ከዚያማ...» ዘይንሁም ሪዙን ጎተተ። «ሐጁ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጣሪያ ወጥቼ ማንን ልሳደብ? ሚስቴን እንዳልሞክር እሷ ከኔ ትብሳለች። ሠላሳ አንድ ዓመት እኮ ነው! ለሐጁ ያዘጋጀኋቸው፣ ያልተነኩ አዳዲስ ስድቦች ሆዴ ውስጥ ተጠራቅመው ምግብ አላስገባ ብለውኛል። ደግሞ ሴትዮዋን ቀላል እንዳትመስልህ! እኔ ከሳቸው አንዲት ስኳርን ስምንት ጊዜ ስይዝ፣ እሳቸው ከኔ አሥራ አንድ ይዘዋል። አንዱን እንኳ አልመለሱልኝም! ሐጁ ይሻል ነበር፤ እሳቸው ጭራሽ ምሕረት የላቸውም።» ይህን ሲል ዓይኑ በአድናቆት በራ።

«ቢቻልህ ትዋጋቸዋለህ?»

«እንዴት ይቻለኛል? ሰው ምን ይለኛል? ዳኛ ቢያስገድደኝ ነው እንጂ።»

ኡስታዝ እኔን አየኝ። እኔም እሱን አየሁት። ሸሚዙ መጤስ ጀመረ።

«በንዱቅ፣» አለ ኡስታዝ፣ «ብዕር።»

እጄን ከስኳር ሥር ሰደድኩ። አውራ ጣቴን ነከሰችኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ፣ አንበሳ የነከሰኝ ነው የሚመስለው። ከአሥራ አንዱ አንዱን አወጣሁለት። ኡስታዝ ቆሞ በተቃጠለው ሸሚዝ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጻፈ። እያንዳንዱን መስመር ጽፎ ለዘይንሁም ያነብለታል። «እንዲህ ነው የምትፈልገው?» ይለዋል። ከዚያ ሐጃ ቤት ሄድን፤ እዚያም አነበበላቸው። ሐጃ ሁለት ቦታ አስተካከሉት። ተጽፎ ሲያልቅ አምስት መስመር ብቻ ነበር፤ በዕድሜው ከጻፈው ሁሉ አጭሩ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ወረቀቱን አንድ ጊዜ ለራሱ አነበበ። መነጽሩን ጠረገና ጮክ ብሎ ደገመው።

«ከሳሽና ተከሳሽ ተስማምተዋል። ተከሳሽ ስኳር የተባለችውን ርግብም ሆነ ወደፊት የሚይዟትን ማንኛዋንም ርግብ ለከሳሽ አይመልሱም። ከሳሽም የያዟቸውን አሥራ አንድ ርግቦች አይመልሱም። ሟቹ ሐጅ ደሱቂ ከተከሳሽ ጋር በምን ሁኔታ ላይ ከነበሩ፣ ከሳሽም በእሳቸው ቦታ ሆነው በዚያው ይቀጥላሉ። ማዘን፣ ማጽናናትና ካርካዴ መጋበዝ ክልክል ነው።»

ካርካዴውን ያስገቡት ሐጃ ናቸው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲታረቅ መዝግቤአለሁ» አለ ዳኛው። «ተስማምቶ የሚጣላ ሰው ግን ዛሬ አየሁ። እመቤቴ፣ የሚፈልጉት ይሄን ነው?»

«ይሄን ነው፣ ልጄ። ይሄንኑ።»

«ተከሳሽስ?»

«ዳኛ ካዘዘ እንግዲህ ምን አቅም አለኝ» አለ ዘይንሁም። በጣም ያዘነ ለመምሰል ይሞክራል፤ ሪዙ ግን በሁለቱም ጫፍ ወደ ላይ ወደ ላይ ይላል።

ፈርጋኒ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ማማው እኮ...»

ኡስታዝ ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ። የድሮው ኡስታዝ ቢሆን አርባ አንቀጽ ያወርድበት ነበር። «ሙዓሊም ፈርጋኒ፣» አለው፣ «ወንድምህ ምን ነበር ያለህ?»

«'ማማዬ ጦርነት ላይ እስካለ ድረስ እንዳትነካው'» አለ ፈርጋኒ። ሲጨርሰው ድምፁ አነሰ።

«ከዚያስ?»

ከዚያማ ምንም የለም። ፈርጋኒ ደብተሩን ዘጋ። ለሟች ቃል የገባ ሰው ነው፤ ፈርጋኒ ስግብግብ ቢሆንም ቃሉን አያጥፍም። ዳኛው ማኅተሙን መታ። ማኅተሙ ሲያርፍ ድምፁ እስከ አባይ ማዶ ተሰምቷል፤ ጊዛ ያሉ ዘመዶቼ ደውለው ምንድን ነው ብለውኛል።

በማግስቱ ጠዋት ኡስታዝና እኔ ሐጃ ጣሪያ ላይ ለፉል ተጋበዝን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ልብስ የሚያሰጣ እየመሰለ በየጣሪያው ወጥቷል፤ ደረቅ ልብስ ሲሰጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሐጃ ከማማው አናት ላይ ቆመዋል። ከመንገዱ ማዶ ዘይንሁም በፒጃማ ወጣ፤ ፒጃማውም ተተኩሷል። ስኳር ክንፏ በክር ታስሮ ትከሻው ላይ ተቀምጣለች።

ዘይንሁም ጉሮሮውን ጠረገ። ሐጃን አየና አንገቱን ደፋ። የጨነቀው ይመስላል። ሐጃ የማማውን እንጨት ጨብጠው ትንፋሻቸውን ያዙ። ኡስታዝም ከዳቦው ጋር አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸ ዘይንሁም። «እነዚያ ርግቦች ናቸው ወይስ ከልብስ ላይ የተነቀለ ጥጥ? አንዷ ስትበር አየኋት፤ አውቶቡስ ቀደማት!»

የሐጃ ፊት እየፈካ፣ እየፈካ ሄደ። ከዚያ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣

«አንተ ካውያ ራስ!» አሉት። «የራስህ ርግቦች ያ ሪዝ የቁራ ጎጆ መስሏቸው ነው ወደኔ የሚሸሹት! አሥራ አንዱም እዚህ ናቸው፤ ስላንተ ሲያወሩ ሲስቁ ያድራሉ!»

ሰፈሩ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። ካፌ ካርካዴ ሲያዝዙላቸው የነበሩት ርግበኞች «እሷ ናት! እሷ ናት!» እያሉ አጨበጨቡ። ዘይንሁም እንባውን በፒጃማው እጅጌ ጠረገና ሁለተኛውን ስድብ ጀመረ። የዚያን ቀን ከሥራ ያረፈደ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቢሮአችን ውስጥ ያለው ብዕር አንድ ብቻ ነው። እሱም የሚቀመጠው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ደንበኛው ራሱ «ጨረስኩ» ካላለ ለኡስታዝ አልሰጠውም፤ ራሱ ኡስታዝ ያወጣው ሕግ ነው። ጥርሱን የሚያመውን ሰውዬም ጠርቶ «በመጀመሪያ ቀን ምን ሊሉኝ ነበር?» ብሎ ጠይቆታል። ሐኪሙ ፎቅ ድረስ እኔ ነኝ ያወጣሁት።

ከወር በኋላ ዘይንሁም «አሁንማ ለምዳኛለች» ብሎ የስኳርን ክር ፈታ። ለቀቃት። ወደ ሐጃም አልሄደች፣ ወደ ዘይንሁምም አልተመለሰች። መጥታ በኛ መስኮት ገባችና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ተቀመጠች። እኛ ጋ በአደራ በቆየችበት ሳምንት ከኮሸሪ ቤቱ ሩዝና ምስር እያመጣሁ ሳበላት ነበር፤ ለካ አልረሳችም።

ኡስታዝ ደነገጠ። እኔን ወደ ሐጃ ላከኝ። «ርግብዎ እኛ ጋ ናት፤ ላምጣልዎት ወይ ይላል ኡስታዝ» አልኳቸው።

ሐጃ ከማማው ላይ ሆነው እስኪያልባቸው ሳቁ።

«ሂድና ንገረው» አሉኝ። «ቢመልስልኝ እከሰዋለሁ። ጠበቃም አለኝ፤ ጥሩ ሰሚ ነው።»